ሁልጊዜ መስከረም አንድ

ሆጤ ላይ ጭጋጉ ገና ሳይገፈፍ፣
ጦሳ ራሱን ሳያሳይ፣ ሙሄ በበሬ ሲያልፍ፣
"ቆራሌው!" ይላል፤ ሰፈሩ ጠርሙስና ቆርቆሮ ሲሸጥለት፣
እኔ ብቻ ነኝ ከጆንያው የምገዛለት።
በኪሎ ይመዝነዋል፣ እንደ ዛገ ብረት፤
እኔ እመዝነዋለሁ በኖረበት ዓመት፤
ተከራክረን ተከራክረን፣ ሞኒተሩን በመቶ ሃምሳ፣
ኪቦርዱን በምርቃት፤ "ጋሼ፣ በእትዬ ፊት ዋጋው እንዳይነሳ!"

ሦስት አሉኝ የሚሠሩ።
አራተኛው ሆዱ ተከፍቶ፣ አካሉን ለሦስቱ የሚያበላ፣
ከሱ ሽቦ፣ ከሱ ማራገቢያ፣ ከሱ ብሎን፣ ከሱ ሌላ ሌላ።

ቡፌው ላይ ያለው ትልቁ ግን የሙሄ አይደለም፤
ከኮምቦልቻ ነው፣ ፋብሪካው በጨረታ ሲያስወግደው፣
አሥራ አንድ ዓመት የሰው ደሞዝ የቆጠርኩበት ነው።
ሐረጎን ስንወጣ ጭኔ ላይ ታቅፌው፣
በየጠመዝማዛው ደረቴን ሲደልቀው፣
"ይሄ ይከፍላል" አለ ረዳቱ።
"የታቀፈ ሕፃን አይከፍልም" አልኩት፤
ሾፌሩ ሳይቀር ሳቀ በመስተዋቱ።

ሎሚ ብርጭቆዋን ካርቶን ውስጥ ከታ ቡፌዋን ለቀቀች፤
"ጣውንት አመጣህብኝ፣ ያውም የምትንጫጫ" አለች።
ብርድ ሲጠና ግን፣ ተኝቷል ብላ ማታ ማታ፣
ጣውንቷን ጋቢ ታለብሳለች፣ ከራሷ ትከሻ አንስታ።

ያ ክፉ ኅዳር፣ ቤት ለቤት ሲፈተሽ፣
የሉባባን አዲስ ላፕቶፕ ወሰዱ፤
የኔዎቹን አንኳኩ፣ ተሳሳቁ፣ ሄዱ።
እርጅና አንዳንዴ መቀርቀሪያ ነው፤ ከውስጥ የሚዘጋ።

የሰዓቱ ባትሪ ሞቷል፤ ስሙኒ የምታህል።
ስለዚህ መብራት በሄደ ቁጥር (ደሴ ላይ መቼስ መሄዱ አይቀር)
የኖረውን ሁሉ ይረሳል፤ ስቀሰቅሰው በአረንጓዴ ፊደል፣
"ዛሬ 01-01-1980 ነው" ይላል፤
"አዲስ ቀን አስገባ" ብሎ ይጠብቃል።

"የፈረንጅ ጥር ነው፣ አባ፤ ሲፈጠር የተሰጠው"
ትላለች ሉባባ። ልክ ናት። እኔ ግን በኛው ነው የማነበው፦
አንድ፣ አንድ፣ ሰማንያ። መስከረም አንድ ነው።

ያኔ ሃያ አምስት ዓመቴ፣ ቦርከና ሞልቶ ሲያገሳ፣
በመጀመሪያ ደሞዜ የገዛሁትን ጫማ
ጭቃ ሲውጥብኝ፣ አንዱን እግሬን ሳነሳ፣
አሊጋዝ ነበር በክንዴ ጎትቶ ያወጣኝ፣ እየተሳደበ።
አሊጋዝ አምና አረፈ።

የዕድሩ ጸሐፊ ነኝ፤ መዝገቡ ያለው እዚህ ነው፤
ሁለት መቶ አሥራ ስድስት አባወራ፣ ከነመዋጮው፤
ከሞተው ስም ፊት ኮከብ አለች፤ እኔ ነኝ የማስቀምጠው።
ዘሀራ የባሏን ክፍያ ልትወስድ ደጃፌ ቆማ፣
መዝገቡ ያለ ቀን አልከፈትም ብሎ፣
እኔ ጣቴን ከቁልፉ አንስቼ፣ እንደ ፈራ ተማሪ፣
"ትንሽ ይሙቅ" አልኳት። ውሸቴን ነው፤ ሞቆ ነበር።
ቀኑን እስካልጻፍኩ ድረስ አሊጋዝ ጭቃው ዳር ቆሞ
"አንተ ደንቆሮ፣ ጫማህን ተወው!" ይለኝ ነበር።

ከዚያ ጻፍኩ።
ፕሪንተሩ ክርርር አለ፤ ዘሀራ ወረቀቱን አጥፋ ሄደች።

ሉባባ አዲስ ባትሪ ከፒያሳ ገዝታ ሰጥታኛለች፤
ከነማሸጊያው መሳቢያ ውስጥ ነው። "ገባ ወይ?" ትላለች።
"ብሎኑ እምቢ አለ" እላለሁ።

ዛሬ ጠዋት ደግሞ ሎሚ፣ እጇ በሳሙና አረፋ፣
ከኋላዬ ቆማ፣ ጠቋሚው ብልጭ ድርግም ሲል አይታ፣
"ስንት ቀን ነው?" አለችኝ።
"መስከረም አንድ።"
"ሰማንያ?"
"ሰማንያ።"
"እንግዲያው ገና ሽማግሌ አልላክህም" አለች፤
ወንበር ሳበች፤ እርጥብ እጇን በነጠላዋ ሸፍና፣
እንደማታውቀኝ ሆና ተቀመጠች።